ናፍጣውን የሚጨርሰው ቦይለሩ አይደለም

ደብረ ብርሃን ከተማ የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦

«ግቢያችን አራት ብሎክና 40 ክፍሎች አሉት። ሙቅ ውሃ ለሁሉም የሚደርሰው ከአንድ የናፍጣ ቦይለር ነው። የሙቅ ውሃው ታንከር ከወጥ ቤቱ በላይ ኮንክሪት ላይ ተቀምጧል፤ ቧንቧው በመሬት ውስጥ አልፎ እስከ አራተኛው ብሎክ 110 ሜትር ይሄዳል፣ ያንኑ ያህል ተጉዞ ይመለሳል። አራተኛው ብሎክ ስምንት ክፍል ብቻ ያለው ሲሆን ከሦስተኛው 45 ሜትር ይርቃል። ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሠራል። በቀን 42 ሊትር ናፍጣ እንጨርሳለን፤ ያም ሆኖ አራተኛው ብሎክ የሚያድሩ እንግዶች ለብ ባለ ውሃ ነው የሚታጠቡት። ውሃውን 80 ዲግሪ ብናደርሰውም ለውጥ አላየንም። አንድ ነጋዴ ቦይለሩን ነቅለን በየጣሪያው የፀሐይ ማሞቂያ እንድንተክል መክሮናል። ምን ይላሉ? በዚያውስ ክፍሎቹን ማሞቅ ይቻል ይሆን?»

እኅቴ፣ ቦይለሩን አይንቀሉ። ነጋዴውንም አይቀየሙት፤ ፀሐይ በግቢዎ ውስጥ ሥራ አላት፣ ተራዋ ግን አልደረሰም። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሠራል» በምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ግቢው ሞልቶ 50 ሰው አደረ እንበል። ለአንድ ሰው 40 ሊትር ሙቅ ውሃ ብንመድብ 2,000 ሊትር ይሆናል። ከመስመር የሚገባውን ውሃ 15 ዲግሪ ብንለውና 60 ብናደርሰው፣ ለዚህ ሁሉ የሚበቃው ሙቀት 105 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው፤ ያረጀ ቦይለር ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛውን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ለውሃው ሰጥቶ የቀረውን በጭስ ማውጫው ይሸኛል። ስለዚህ እንግዶችዎን በሙሉ ለማጠብ 14 ሊትር ናፍጣ ይበቃል። እርስዎ 42 ያቃጥላሉ። ሃያ ስምንቱ ሊትር ማንንም ሳያጥብ አፈር ሲያሞቅ ይውላል፣ ያድራልም።

ሽፋኑ ያለቀ የተቀበረ ቧንቧ እንዲህ ያለ ሙቅ ውሃ ተሸክሞ ሲያድር በየሜትሩ 40 ዋት መጣሉ የሚያስገርም አይደለም። በየሜትሩ አንድ ባለ 40 ሻማ አምፖል ከመሬት በታች አብርተው ቀብረዋል ማለት ነው፤ በጠቅላላው 220 አምፖል፣ መቼም የማይጠፋ። ያ በቀን 211 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ወደ ናፍጣ ሲመለስ እነዚያን 28 ሊትሮች ያመጣል።

እኔን አይመኑ፤ ያስለኩት። እንግዳ ያልበዛበት ሌሊት ይምረጡና፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሠራተኛዎ ሁለት ቴርሞሜትር፣ ሰዓትና 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይዞ ታንከሩ ጋ ይውጣ። ወፍራም ጓንት ያድርግ፤ የሚወርደው ውሃ ቆዳ ይልጣል። መመለሻው ቧንቧ ወደ ታንከሩ የሚፈስበትን ጫፍ ወደ ባልዲው ያዙርና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቁጠር። 95 ሰከንድ ፈጀ እንበል፤ በደቂቃ 12.6 ሊትር ነው። ከታንከሩ የሚወጣው ውሃ 80፣ የሚመለሰው 70 ከሆነ ልዩነቱ 10 ዲግሪ ነው። የደቂቃውን ሊትር በዲግሪው ልዩነት ያባዙት፣ የወጣውን ደግሞ በ70 ያባዙት (ይህ 70 የመመለሻው ሙቀት አይደለም፤ ልኩ ምንም ይሁን የማይለወጥ ማባዣ ነው)። መልሱ 8,800 ዋት አካባቢ ይመጣል። ያ በሌሊት፣ አንድም ቧንቧ ሳይከፈት፣ መንገድ ላይ የሚቀረው ሙቀት ነው። ይህችን ሦስት ቁጥር የማያውቅ ባለሙያ የሚሰጥዎትን ዋጋ አይፈርሙ።

ሠራተኛዎ እዚያው ሳለ አንድ ነገር ይይልኝ። መመለሻው ውሃውን ከላይ እያንዠቀዠቀ ታንከሩ ውስጥ የሚጥለው ከሆነ እንፋሎቱም ይባክናል፣ ውሃውም አየር እየሳበ ቧንቧውን ያስዝጋል። ከመለካቱ በኋላ ጫፉን በክርን አስረዝሞ ከውሃው በታች ያስገባው።

አሁን ወደ አራተኛው ብሎክ። ሌሊት የሚመለሰው ውሃ 70 ዲግሪ ሆኖ አራተኛው ብሎክ ለብ ያለ ውሃ የሚያገኝ ከሆነ፣ ያ የተመለሰው ውሃ አራተኛው ብሎክ አልደረሰም። ከአንደኛው ብሎክ ዞሮ ነው የመጣው። ውሃ እንደ ሰው ነው፤ አጭር መንገድ ካገኘ ረጅሙን አይሄድም። እሳቱን መጨመር ለዚህ አይበጅም፤ ቅርቡን ብሎክ ይበልጥ ያቃጥላል እንጂ ሩቁን አያሞቅም። ብዙ ግቢ ውስጥ 80 ዲግሪ የሚባለው ነገር የተጀመረው በዚህ ዓይነት ስሕተት ነው። ሩቁ ሰው አማረረ፣ ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ከፍ አለ፤ እንደገና አማረረ፣ እንደገና ከፍ አለ።

መድኃኒቱ በየብሎኩ መመለሻ ላይ አንዳንድ ቫልቭ ማስገባት ነው። የአንደኛውን ብሎክ አጥብቀው ያጥብቡት፣ የሁለተኛውን ትንሽ ላላ፣ የሦስተኛውን ይበልጥ ላላ ያድርጉ፣ የአራተኛውን ሙሉ ይክፈቱት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። አራቱን መመለሻዎች በቴርሞሜትር እየለኩ፣ በጣም የሚሞቀውን እንደገና ትንሽ ያጥብቡ። ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ቀን የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ችኩል ሠራተኛ አይሆነውም። አራቱ ተቀራራቢ ሲሆኑ የቫልቩን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉና እጀታዎቹን ፈትተው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉ። አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ደክሜ ያስተካከልኩትን መስመር የግቢው ዘበኛ «ተዘግቶ አገኘሁት» ብሎ በማግስቱ ሁሉንም ከፍቶት አግኝቻለሁ። ደግ አስቦ ነው።

ይህ ከተሠራ በኋላ ቴርሞስታቱን ወደ 60 ያውርዱ። ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ነው፤ መሬት ውስጥ የሚቀረውን ሙቀት ብቻውን ወደ 30 በመቶ ይቀንሰዋል። ከ60 በታች ግን አይውረዱ። ሊጂዮኔላ የሚባል ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፣ በሻወር ጠብታም ወደ ሰው ይገባል። ታንከሩ 60፣ መመለሻው ከ50 ያላነሰ ይሁን። ፓምፑን በታይመር ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 3፣ ከዚያ ከምሽቱ 11 ተኩል እስከ 4 ሰዓት ብቻ ማሠራት ብዙ ናፍጣ ያድናል፤ ነገር ግን ቧንቧው በመሃል ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ጠዋት ከመጀመሪያው እንግዳ በፊት የሩቅ ሻወሮችን ከፍቶ የቆመውን ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምነግርዎት አዲስ ቧንቧ ደህና ሽፋን ለብሶ ሲገባ ይህ ጣጣ ይቀልላል።

አንድ ምድጃ ለብዙ ቤት ማካፈል እኛ የፈጠርነው አይደለም። በአሜሪካ ሎክፖርት ከተማ በርድሲል ሆሊ የሚባል ሰው በ1877 በፈረንጆች አቆጣጠር በእንፋሎት ነው የጀመረው። እንፋሎት በጣም ትኩስ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚያባክነውም ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመናዊነት ሁሉ ሲጨመቅ የውሃውን ሙቀት ማውረድና ቧንቧውን ማልበስ ነው፤ አሁን አዲስ የሚዘረጉት መስመሮች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውሃ እንዲሠሩ ይታሰባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፀሐይና ከከርሰ ምድር የሚወጣ ሙቀት 60 ዲግሪን በቀላሉ ይሰጣሉ፣ 90ን ግን ይቸገራሉ። ዴንማርክ ውስጥ ኤሮ በምትባል ደሴት ላይ ያለችው ማርስታል ከ30,000 ካሬ ሜትር በላይ ውሃ የሚያሞቅ የፀሐይ ፓኔል ሜዳ ላይ ዘርግታ ቤቶቿን በጋራ መስመር ታሞቃለች። የዴንማርክ ፀሐይ ከእኛ ጋር ስትነጻጸር ምን ያህል ናት!

ወደ ግቢዎ ልመለስ። እኔ ብሆን አራተኛውን ብሎክ ከመስመሩ እቆርጠው ነበር። ስምንት ክፍል በቀን 400 ሊትር ቢጠቀም የሚያስፈልገው ሙቀት 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ያንን ለማድረስ የሚሄደውና የሚመለሰው 90 ሜትር ቧንቧ ዛሬ በቀን 86 ያፈሳል። አንድ እንስራ ውሃ ለማድረስ አራት እንስራ መንገድ ላይ መድፋት ነው። ቧንቧውን በደንብ ቢያለብሱት እንኳ የሚፈሰው ከሚደርሰው ይበልጣል። ለዚያ ብሎክ የራሱን ጣሪያ ላይ 8 ካሬ ሜትር ፓኔል፣ 500 ሊትር ታንከርና ለደመና ቀን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያድርጉለት። ነጋዴው እዚህ ላይ ልክ ነው። ለሦስቱ ብሎኮች ግን የጋራው መስመር ይሻላል፤ አንዱ ባዶ ሆኖ ሌላው ሲሞላ ሙቅ ውሃው ወደሚፈለግበት ይሄዳልና።

የቀረው 130 ሜትር ቧንቧ በአዲስ ይተካ፤ አዲሱን ግን መልሰው አይቅበሩት። ደብረ ብርሃን ዙሪያ መረሬ አፈር የሚበዛ መሆኑን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ከያዘ አይለቅም። የረጠበ ሽፋን ካልተሸፈነ ቧንቧ ብዙም አይሻልም። ቧንቧው በግድግዳና በጣሪያ ጠርዝ ሥር ከመሬት በላይ ይሂድ። ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ሱፍ ወይም ፎም ይልበስ፣ ከላዩ ላሜራ ይጠቅለልበት፣ የላሜራው መጋጠሚያ ወደ ታች ይዙር፤ ዝናብ እንዳይጠጣ። እንዲህ የለበሰ ቧንቧ 60 ዲግሪ ውሃ ተሸክሞ በየሜትሩ የሚጥለው 12 ዋት ገደማ ነው። ክርኖቹና ቫልቮቹም ይልበሱ፤ ብዙ ሠራተኛ ቀጥ ያለውን አልብሶ አንጓውን ራቁቱን ይተወዋል።

ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ከመረጡ መሃሉ ላይ የመስታወት ክር ያለበትን ይግዙ። ተራው ፒፒአር 50 ዲግሪ ሲሞቅ በየ10 ሜትሩ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ መተጣጠፊያ ካልተተወለት እንደ እባብ ተጠማዝዞ ከማሰሪያው ይወጣል።

ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ባለፈው የበግ ሱፍ ለዚህ ይሆን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። ይሆናል። ደረቅ ሱፍ ሙቀት በመያዝ ከመስታወት ሱፍ ብዙም አያንስም፤ ባና ለብሶ ያደረ ሰው ምስክር ነው። ነገር ግን ብልና አይጥ ይወዱታል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ጣሪያ ሥር ላለ ታንከር ጠቅልለው በላሜራ ቢዘጉት እኔ አልቃወምም፤ ውጭ ለሚሄድ ቧንቧ ግን አልመክረውም።

እንግዲህ ፀሐይ ተራዋ ደረሰ። በበጋ ጥርት ባለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወርዳል፤ ደህና ጠፍጣፋ ፓኔል ግማሽ ያህሉን ወደ ውሃው ያስገባል። በወጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ 30 ካሬ ሜትር ከአራተኛው ብሎክ 8 ካሬ ሜትር ጋር ሲደመር በቀን 95 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጥዎታል። ዛሬ ባለበት ሁኔታ ቢተክሉት ግቢው በቀን 316 ስለሚፈልግ ሲሶውን እንኳ አይሸፍንም፤ ነጋዴው ሄዶ ናፍጣው ይቀጥል ነበር። ቧንቧው ከተስተካከለ በኋላ ግን ፍላጎቱ 142 ገደማ ይሆናል፤ ያው ፓኔል ሁለት ሦስተኛውን ይሸፍናል።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ፓኔሉ የሚያሞቀው ታንከር ከቦይለሩ ታንከር በፊት ይቀመጥ። ከመስመር የመጣው ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ ወደ ፀሐዩ ታንከር፣ ከዚያ ወደ ቦይለሩ ይግባ። ፓኔል ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ብዙ ይሠራል፣ ትኩስ ውሃ ሲሰጡት ይሰንፋል። ለ30 ካሬ ሜትር 1,800 ሊትር ታንከር ይበቃል። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ይዙር፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘንብል። ታንከሩ ከፓኔሉ የሚገናኝበት መስመር ላይ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ይግባበት፤ ያለዚያ ቀን የሰበሰቡት ሙቀት ሌሊት ወደ ፓኔሉ ተመልሶ ሰማይ ሲያሞቅ ያድራል።

ውርጭን ደግሞ ማንም ሲረሳት አልወድም፣ እኔ ራሴ ረስቻት ስለማውቅ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ባለ አንድ ግቢ አራት ፓኔል ገጥሜ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ። ኅዳር ላይ ተጠራሁ። ጠዋት ስደርስ ሣሩ አመዳይ ለብሷል፤ ከፓኔሉ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። መስታወቱን ሳነሣ ውስጡ ያለው የመዳብ ቧንቧ እንደ ደረቀ የባቄላ ቅርፊት በቁሙ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ገና ያልቀለጠ በረዶ ይታያል። የግቢው ሰዎች ቴርሞሜትር ነበራቸው፤ ሌሊቱ 2 ዲግሪ እንጂ ከዜሮ አልወረደም አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጥርት ያለ ሰማይ ሥር ያለ ፓኔል ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚረጭ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አራቱንም በራሴ ወጪ ተካሁ።

ስለዚህ በእርስዎ ከተማ ሰው የሚታጠብበት ውሃ በፓኔል ውስጥ አይለፍ። በፓኔሉ ውስጥ የሚዞረው ሠላሳ በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል (ውሃ በውርጭ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) የተቀላቀለበት ውሃ ይሁን፣ ሙቀቱን በታንከሩ ውስጥ ባለ ጥቅል መዳብ ያስተላልፍ፤ ይህ ቅልቅል ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይችላል። ይህ የተዘጋ መስመር የማስፋፊያ ታንከርና የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ያስፈልገዋል። የመኪና አንቱፍሪዝ እንዳይጨምሩበት፤ ብዙውን ጊዜ ኤትሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው፣ ጥቅሉ አንድ ቀን ቢበሳ ከሻወሩ ይወጣል። «የእኔ የቫኪዩም ቱቦ ስለሆነ ውርጭ አይፈራም» የሚልዎት ይኖራል። ቱቦው እውነት አይፈራም፤ ከቱቦው ወደ ታንከሩ የምትሄደዋ ቀጭን ቧንቧ ግን ትፈራለች።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ሲወርድ ፓኔሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ቦይለሩን አይንቀሉ ያልኩት ለዚህ ነው። በዚያ ጊዜ የሦስቱን ብሎኮች ሸክም በሙሉ ቢሸከም እንኳ በቀን የሚያቃጥለው 16 ሊትር ገደማ ነው። ናፍጣውን የሚያነደውን በርነር ግን ያስመርምሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ልክ የተስተካከለ በርነር ኦክስጅን ያንሰውና ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጥላሸቱም የቦይለሩን ሆድ ይለብሳል። ውሃም እዚያ 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ታንከርዎ ክፍት ሆኖ 80 ላይ ሲያድር ለመፍላት 10 ዲግሪ ብቻ ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

ክፍሎቹን ማሞቅ ስላሉት፣ ለጊዜው ይተዉት። ለ80 ዲግሪ የተሰላ ራዲያተር በ55 ዲግሪ ውሃ የሚሰጠው ሙቀት ከግማሽ ብዙ አይበልጥም፤ ስለዚህ ትልልቅ ራዲያተር መግዛት ሊኖርብዎ ነው። ከዚያ በፊት ከኮርኒሱ በላይ ሽፋን ያስነጥፉ፣ የመስኮትና የበር ክፍተት ያስደፍኑ። ቆርቆሮ ጣሪያ ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ከሆነ የፈለጉትን ያህል ቢያነዱ ሌሊቱን ወደ ሰማይ ይሰጠዋል።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቁኝ፣ ቫልቮቹ፣ ቴርሞስታቱና ታይመሩ በዚህ ሳምንት። ቧንቧው ክረምት ሳይገባ። ፓኔሉ ደግሞ ከመስከረም በኋላ፣ አንድ ወር ናፍጣውን በአዲሱ ቧንቧ ቆጥረው ካዩ በኋላ፤ ምናልባት ከ38 ካሬ ሜትር ያነሰ ይበቃዎት ይሆናል፣ ነጋዴው ባይወደውም። የባልዲውን ሰከንድና ሁለቱን የሙቀት ልኮች ሲያገኙ ይላኩልኝ፤ የቧንቧውን ውፍረት በእነሱ አሰላልዎታለሁ።